የትምህርት ቤት ግድግዳ ምን ይናገር?



ስለ ትምህርት ቤት ሕንጻ እንድናገር በጋበዛችሁኝ ጊዜ፣ ስለ መሠረቱና ስለ ጣራው የሚነግራችሁ መሐንዲስ አጥታችሁ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። እኔ የምናገረው መሐንዲሱ ሥራውን ፈጽሞ ቁልፉን ካስረከበ በኋላ ስለሚጀመረው፣ ብዙ ጊዜም ከበጀቱ ትራፊው ብቻ ስለሚደርሰው፣ ልጁ ግን ከጧት እስከ ማታ ሳይሰለች በዐይኑ ስለሚያነበው ስለ ግድግዳው ገጽ ነው። በሕንጻ ላይ የሚሣለው ሥዕል፣ የሚጻፈው ጽሕፈት፣ የሚሰቀለው ታፔላ፣ መንገድ የሚያመለክተው ቀስት፣ አንዱን ክፍል ከሌላው የሚለየው ኅብረ ቀለም፣ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ባንድ ሐሳብ ተነድፎ ሲሠራ ራሱን የቻለ ሙያ ይሆናል። ሳይታሰብበት ሲቀር ግን ያለፈው ርእሰ መምህር ባስጻፈው ላይ አዲሱ እየደረበበት፣ ክበቡም ማኅበሩም በየፊናው እየለጠፈበት፣ ግድግዳው ሁሉ የሚጮኽበትና ማንም የማይደማመጥበት የገበያ ቀን ይመስላል።

ይህ ሙያ እንግዳ ቢመስልም በግብሩ ከኛ ዘንድ የቆየ ነው። በክብ ቅርጽ ከታነጹት አብያተ ክርስቲያናታችን ወደ አንዱ ገብቶ፣ ከቅኔ ማኅሌቱ ወደ ቅድስቱ አልፎ፣ የመቅደሱን ግድግዳ ቀና ብሎ ያየ ሰው፣ ሥዕሎቹ ባዶ ቦታ ስለ ተገኘላቸው ብቻ የተለጠፉ አለመሆናቸውን ያስተውላል። በምዕራቡ በር መዝጊያዎች ላይ ሰይፋቸውን የመዘዙ ሊቃነ መላእክት ይቆማሉ፤ በር ጠባቂ የሚያሻው ስፍራ ነውና። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰውም ወደ ጣራው ቀና ሲል የኪሩቤልን ፊት ተደርድሮ ያገኛል፤ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ የሚሻው ሰማይን ነውና። የጥንቱ ሠዓሊ ብዙ ጊዜ ሥዕሉን በሸማ ላይ ሥሎ ሸማውን በግድግዳው ላይ ያጣብቅ ነበር። ስለዚህ ሥዕሉ እንደ ዕቃ ተጠቅልሎ ወደ ወደዱት ቦታ ሊሄድ ይቻለው ነበር። ሠዓሊው ግን ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ሸማው የሚሰቀልበትን በር፣ በሩንም የሚያልፈውን ምእመን በዐይነ ልቡናው አይቶ ጨርሷል።

የብራና ጸሐፊዎቻችንም በገጽ ላይ ያደረጉት ሠዓሊው በግድግዳ ላይ ካደረገው አይርቅም። መጽሐፉ ሲጀመር በገጹ ራስ ላይ ሐረግ ይጥላሉ፤ ያ ሐረግ ጌጥ ከመሆኑ በላይ «በዚህ ግባ» የሚል በር ነው። ቅዱሳት ስሞችንና የንባብ መግቢያዎችን በቀይ ቀለም ይጽፋሉ፤ የቀረው በጥቁር ይከተላል። አንባቢው በዚያ ሁሉ ጽሕፈት መካከል የሚሻውን ባንድ አፍታ የሚያገኘው ቀዩ ጥቂት ስለሆነ ነው፤ ገጹ በሙሉ በቀይ ቢጻፍ ኖሮ ቀይነቱ ምንም ባልነገረው ነበር።

እንግዲህ ከሠዓሊውና ከጸሐፊው የተማርሁት፣ ዛሬም ላስረዳችሁ የምመኘው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ግድግዳ የቆመበት ቦታ ብቻ ሊናገረው የሚችለውን ሊናገር ይገባዋል የሚል ነው። በማናቸውም ትምህርት ቤት፣ በማናቸውም ግድግዳ ላይ ቢዛወር ምንም የማይጎድለው ሥዕል ወይም ጽሕፈት፣ እርሱ ከመጽሐፍ የተገነጠለ ቅጠል ነው፤ ወደ መጽሐፉ ቢመለስ ይሻለዋል። የትምህርት ቤት ግድግዳ ሦስት ግብር አለው፤ ይመራል፣ ያስተምራል፣ ይዘክራል። ሦስቱንም በዚሁ ሚዛን እየመዘንን እንሂድ።

ስለ መምራት አስቀድሜ ልናገር። ባንድ የመስከረም ጧት ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ፣ የልጇን እጅ የያዘች እናት ወደ ዘበኛው ቀርባ፣

«አባባ፣ ሰባተኛ ሀ ወዴት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሽማግሌውም ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «የትኛው ሀ፣ ልጄ? ሃሌታው ነው ሐመሩ?» አሏት።

«እኔ ምኑን ዐውቄው፣ አባባ፤ ሀ ነው ብቻ ያሉኝ።»

ሴትዮዋ ልጇን እየጎተተች መጀመሪያ ወደ አንዱ ሕንጻ፣ ኋላም ወደ ሌላው ስትመላለስ ደወሉ ተደወለ። በዚህ ነገር ከሁለቱ ማናቸውም አልበደሉም። ክፍሎቻችንን በፊደል ተራ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ እያልን ስንሰይም፣ በወረቀት ላይ ለየቅል የሆኑት ሀ እና ሐ፣ ሠ እና ሰ፣ በአማርኛ አፍ ሲጠሩ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ረስተን ነው። የፊደላቱ ልዩነት በግእዝ የከበረ መሠረት ያለው ስለሆነ በምንም ላቃልለው አልደፍርም። ነገር ግን የትምህርት ቤት ምልክት የመጀመሪያ ፈተናው በቃል መተላለፉ ነው፤ ዘበኛ ለእናት፣ እናት ለልጅ፣ ልጅ ለጓደኛው በአፉ ሊያቀብለው የማይችለው ስም ለቦታ ስም አይሆንም።

ታዲያ ምን ይሻላል ብትሉኝ፣ በየሕንጻው ፊት አንዳንድ የአገር ዛፍ ተክሎ ሕንጻውን በዛፉ ስም መጥራት ይቻላል። የወይራው ሕንጻ፣ የዝግባው ሕንጻ፣ የጽዱ ሕንጻ፣ የዋርካው ሕንጻ ቢባል፣ ስሞቹ በጆሮ አይምታቱም። የየዛፉ ቅጠልም በሕንጻው ማዕዘን ላይ በትልቁ ቢሣል፣ ገና ፊደል ያልቆጠረው የመዋዕለ ሕጻናት ልጅ ሳይቀር ቅጠሉን አይቶ ቤቱን ያውቃል። የወይራ ቅጠል ቀጭንና ሾጣጣ፣ የዋርካው ሰፊ፣ የጽዱ ቅርፊት የመሰለ ስለሆነ ቅርጻቸው ከሩቅ ይለያያል። ቀለም ብቻውን ግን ምልክት እንዲሆን አልመክርም፤ ከልጆች መካከል፣ ይልቁንም ከወንዶቹ፣ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚያዳግታቸው አሉና፤ ቅርጽ፣ ስምና ቀለም ሦስቱ ባንድነት ይመስክሩ።

ሁለተኛው ነገር ምልክቱ የሚቆምበት ስፍራ ነው። በየትምህርት ቤቱ የክፍሉ ስም የሚጻፈው በበሩ መዝጊያ ላይ ነው። በኛ አገር ግን የክፍል በር ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይውላል፤ መዝጊያው ወደ ውስጥ ታጥፎ ከግድግዳ ጋራ ስለሚጋጠም፣ ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት ሁሉ ጽሕፈቱ ተደብቆ፣ ክፍሉ ተቆልፎ ሰው በሌለበት ሰዓት ብቻ ይገለጣል። ይህን ለማረም ሌላ በጀት አያስፈልግም፤ ጽሕፈቱን ከመዝጊያው ወደ ጎኑ፣ መያዣው ወዳለበት ወገን ወዳለው ግድግዳ ማዛወር ይበቃል። የመንገድ ምልክትም ሰው በሚያመነታበት ስፍራ ይቁም፤ እርሱም የግቢው በር፣ የደረጃው ግርጌና የኮሪደሩ መታጠፊያ ነው። ቀጥ ባለ ኮሪደር መካከል የተሣለ ቀስት ማንንም አይረዳም፤ በዚያ ቦታ የቆመ ሰው ወደ ኋላ ካልተመለሰ በቀር ሌላ መሄጃ የለውምና።

ሦስተኛው የፊደሉ መጠን ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ብቆይ እንደማትነቅፉኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነውና። የላቲንን ፊደል በታፔላ ላይ የሚጽፉ ሰዎች የያዙት ልክ፣ ቁመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፊደል ከ3 ሜትር ርቀት ያለ ጭንቅ ይነበባል የሚል ነው፤ በዚህ ስሌት 12 ሜትር ለሚረዝም ኮሪደር የ10 ሴንቲ ሜትር ፊደል ይበቃል ማለት ነው። የኛ ፊደል ግን በዚህ አይረካም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲረቡ 231 መልክ ያወጣሉ፤ አንዱን ከሌላው የሚለየውም ብዙ ጊዜ ከጎኑ የበቀለች አንዲት ጭረት ወይም ከእግሩ የተንጠለጠለች አንዲት ክብ ናት። በ ቡ የሚሆነው በወገቡ ላይ በምትወጣ ትንሽ ቅጥል ነው፤ ያችን ቅጥል ርቀት ከዋጣት አንባቢው ቃሉን በግምት ይሞላዋል። ስለዚህ እኔ በላቲኑ ልክ ላይ ግማሹን እጨምራለሁ፤ 10 ሴንቲ ሜትር የሚባለውን 15 አደርገዋለሁ። ፊደሉን ለማጉላት ብሎ ማወፈርም ሌላው ስሕተት ነው፤ የሠ እና የመ ሆድ ይሞላና ሁለት የተጨፈኑ ዐይኖች ይሆናሉ። በካርቶን ቀርጸው ቀለም የሚያሳርፉ ደግሞ ይህን ያውቃሉ፤ ዐ፣ ወ፣ መ የመሰለው ዐይኑ የተዘጋ ፊደል ሲቆረጥ ልቡ አብሮ እንዳይወድቅ ቀጭን ድልድይ ይተዉለታል፤ ያ ድልድይ ደግሞ በቅጥሉ ቦታ ከተጣለ ፊደሉን ወደ ሌላ ፊደል ይለውጠዋል።

ስለ ቁመትም እንዲሁ ነው። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ያህል ነው፤ እኛ ግን የአንደኛ ክፍልን ማስታወቂያ በመምህሩ ዐይን ልክ፣ አንዳንዴም ከበሩ ጉበን በላይ እንሰቅላለን። ልጅ የሚያነበው በልጅ ዐይን ትክክል ይጻፍ። ማየት ለተሣናቸው ደግሞ ምልክቱ የጣት ሥራ መሆኑን አንርሳ፤ ፊደሉ ከገጹ ከፍ ብሎ፣ ብሬሉም ከሥሩ ታትሞ፣ ሁልጊዜ ከበሩ በዚያው ወገንና በዚያው ከፍታ ሊገኝ ይገባዋል። የአሜሪካ ሕግ ይህን ከፍታ ከወለሉ ከ122 እስከ 152 ሴንቲ ሜትር ድረስ ወስኖታል፤ እኛ ለልጆች ስንሠራ ዝቅ ልናደርገው እንችላለን፤ ልኩን አንድ ጊዜ ከወሰንን በኋላ ግን ከክፍል ክፍል መለዋወጥ አይገባንም። የሚዳስስ እጅ ምልክቱን ለማግኘት ግድግዳውን ሁሉ እንዲያስስ የተገደደ እንደሆነ፣ ምልክት እንደ ሌለ ይቈጠራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ግብር፣ ወደ ማስተማሩ እንለፍ። በየትምህርት ቤታችን የአጥሩና የክፍሉ ግድግዳ በካርታ፣ በሰው አካል ሥዕል፣ በማባዣ ሰንጠረዥ፣ በፊደል ገበታ ተሸፍኖ እናያለን። ይህን የሠሩት ሰዎች ቅን ልብ እንዳላቸው አልጠራጠርም፤ መጽሐፍ ባልተዳረሰበት ጊዜ ግድግዳው መጽሐፍ ሆኖ ብዙ ልጅ አስተምሯል። ዳሩ ግን ብዙ መናገር ማስተማር እንዳልሆነ ከመምህራን ወገን የሆናችሁ ከኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 በፒትስበርግ ከተማ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች 24 የመዋዕለ ሕጻናት ልጆችን አንዳንዱን ትምህርት ግድግዳው በሥዕል በተሞላ ክፍል፣ ሌላውን ግድግዳው ባዶ በሆነ ክፍል አስተማሩና ልዩነቱን መዘኑ። በሥዕል በተሞላው ክፍል የልጆቹ ሐሳብ ከትምህርቱ የወጣበት ጊዜ ከመቶ 38.6 ሲሆን፣ በባዶው ክፍል ግን 28.4 ሆኖ ተገኘ። በኋላ ስለ ትምህርቱ ሲጠየቁም በመጀመሪያው ክፍል ከመቶ 42፣ በሁለተኛው 55 በትክክል መለሱ። ሃያ አራት ልጅ የዓለምን ልጅ ሁሉ አይወክልም፤ ነገር ግን መምህሩ ስለ እሳተ ገሞራ ሲያስረዳ ልጁ ከጀርባው ያለውን የአንበሳ ጥርስ የሚቈጥር መሆኑን ለመረዳት፣ እያንዳንዳችን የልጅነታችንን ክፍል ማስታወስ ይበቃናል።

ታዲያ ግድግዳው ዝም ይበል ማለቴ ነውን? አይደለም፤ ይናገር፣ ነገር ግን የራሱን ይናገር። በሕንድ አገር ካቢር ቫጅፔዪ የተባለ የሕንጻ ነዳፊ ከባልደረቦቹ ጋራ፣ ዩኒሴፍም እያገዛቸው፣ ሕንጻውን ራሱን የመማሪያ መሣሪያ የማድረግ ሥራ ጀምረው በብዙ ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ። ከሠሩት ሁሉ አንዱን ብቻ ላሳያችሁ። የክፍሉ በር ሲከፈትና ሲዘጋ የመዝጊያው ጫፍ በወለሉ ላይ ቅስት ይሠራል፤ እነርሱ ያንን ቅስት በወለሉ ላይ ሥለው በዲግሪ ከፋፈሉት፤ 30፣ 45፣ 60፣ 90 ብለውም ጻፉበት። ልጁ በሩን በገፋ ቁጥር ማዕዘን ይከፍታል፤ «በሩን በአርባ አምስት ተወው» ሲባልም እየሣቀ ይታዘዛል። ይህ ሥዕል ከዚያ ወለል ተነሥቶ ወደ አጥር ቢዛወር ትርጉም የለውም፤ በር በሌለበት ምን ሊነግር ይችላል? እንደዚሁም የመስኮቱን ብረት፣ መጻፍ የሚለማመደው ሕጻን ጣቱን እያስኬደ እጁን የሚያፍታታበት ቅርጽ አድርገውታል። ቦታውና ትምህርቱ የተጋቡበት ሥራ ማለት ይህ ነው።

እኛስ ከቦታችን ምን አለን? ብዙ ነገር አለን፤ እኔ ግን ባንዱ ላይ ልቁም፤ እርሱም ሁልጊዜ ጧት የምንሰለፍለት የሰንደቅ ዓላማ መስቀያ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ላይ በትክክል ታልፋለች፤ አንዱ ሚያዝያ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሁለተኛው ነሐሴ ሊወጣ በመጨረሻው ሳምንት ገደማ ነው። ቁመቱ 6 ሜትር የሆነ መስቀያ ብናስብ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ቀትር ላይ ጥላው 3.8 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይወድቃል። ወራቱ እየገፉ ሲሄዱ ጥላው እያጠረ መጥቶ በሚያዝያ ሳምንት ወደ ግንዱ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ከዚያም በሌላው ወገን ወጥቶ በሰኔ አጋማሽ 1.5 ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይዘረጋል። ቀትሩም በሰዓታችን ልክ ስድስት ሰዓት ላይ አይደለም። የሰዓታችን መነሻ የሆነው 45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ከከተማችን በስተ ምሥራቅ ስለሚያልፍ፣ የኛ እውነተኛ ቀትር ከስድስት ሰዓት 25 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይውላል።

እንግዲህ በመስቀያው ግርጌ ያለውን ሲሚንቶ አለስልሰን፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ አንድ መሥመር አስምረን፣ በየወሩ የቀትሩ ጥላ ጫፍ የደረሰበትን ልጆቹ ራሳቸው እየለኩ በቀለም ቢያኖሩ፣ ዓመቱ ሲዞር በግቢው መካከል በአዲስ አበባ ሰማይ የተጻፈ ባሕረ ሐሳብ ይገኛል። የባሕር ዳር ልጆች ይህንኑ ቢሠሩ ጥላቸው ከኛው ጥላ ይለያል፤ እነርሱ ከኛ ይልቅ ወደ ሰሜን ናቸውና። ነሐሴ ዝናብና ዕረፍት ስለሆነ የሚያዝያውን ቀትር እንጠብቅ፤ ያን ዕለት ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ተማሪው ሁሉ መስቀያውን ከብቦ ጥላው ሲጠፋ የሚያይበት ቀን፣ ከማናቸውም የፀሐይ ሥርዐት ሥዕል የበለጠ በልቡናው ይቀራል። የዚህ ሁሉ ዋጋ አንድ ቆርቆሮ ቀለምና የአንድ ዓመት ትዕግሥት ነው።

ሦስተኛው ግብር መዘከር ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች በመግቢያው ላይ ካለው ግድግዳ የተመረጠው ስፍራ፣ በሰው ዐይን ትክክል የሆነውና ብርሃን የሚያርፍበት፣ ለምረቃው ድንጋይ የተሰጠ ነው። ሕንጻው በእገሌ ተመረቀ የሚለው ቃል በዕብነ በረድ ተቀርጾ፣ በወርቅማ ቀለም ተሞልቶ ይታያል፤ ቤተ መጻሕፍቱ የት እንዳለ የሚናገረው ደግሞ በአሮጌ ካርቶን ላይ በእስክርቢቶ ተጽፎ በሚስማር ተመትቷል። መራቂውን ማክበር ጨዋነት ነውና ድንጋዩ ይኑር፤ ነገር ግን የመረቀው ሰው አንድ ቀን ገብቶ የወጣ መሆኑን፣ ልጁ ግን ስምንት ወይም አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ በር የሚመላለስ መሆኑን አስበን ስፍራውን እናካፍል። በየዓመቱ የሚመረቁ ተማሪዎች ስም በደረጃው ጎን በተራ ቢጻፍ፣ አዲሱ ተማሪ ደረጃውን ሲወጣ የታላቅ ወንድሙን፣ ዕድሜ ከሰጠንም የእናቱን ስም ያልፋል።

እዚህ ላይ ስለ ቃላችንም አንዲት ነገር ልናገር። ንባብ የጀመረ ልጅ በግቢው ውስጥ የሚገጥመው የመጀመሪያው ቃል ብዙ ጊዜ «ክልክል» የሚል ነው፤ በሣሩ መሄድ ክልክል፣ ቆሻሻ መጣል ክልክል፣ በኮሪደር መሮጥ ክልክል። ሥርዐት እንደሚያስፈልግ አላጣሁትም፤ ነገር ግን ግድግዳው መንገዱን አስቀድሞ ቢያሳይ ከልካዩ ቃል ራሱ ይቀንሳል። በሣሩ ላይ የሚሄደው ልጅ ብዙ ጊዜ አጭሩ መንገድ በዚያ ስለሆነ ነው፤ በዚያው ላይ ድንጋይ ቢነጠፍለት ታፔላው ሥራ ይፈታል። ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል የሚለውን ቃልም ወደ መንገድ የሚያይ ረጅም ግድግዳ እርሱ ብቻ ስለ ተገኘ በመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ተጽፎ አይቻለሁ። ቃሉ እውነት ነው፤ ስፍራው ግን ቃሉን መሳቂያ አደረገው።

ሥራውን የምትሠሩት ባለሙያዎች ደግሞ «ይህ ሁሉ ገንዘብ ከወዴት ይመጣል?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ቀለም ከሕንጻ ጥበብ ሁሉ ርካሹ መሆኑን ላስታውሳችሁ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 በአሜሪካ በኒዋርክ ከተማ ፓውላ ሼር የተባለች ነዳፊ፣ የኪነ ጥበብ ትምህርት የሚሰጥበትን አንድ አሮጌ ሕንጻ ግድግዳ ሳታፈርስ፣ በውስጡ የሚሰጡትን ትምህርቶች ስም፣ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ቴያትር እያለች በግዙፍ ፊደል በውጭ ገጹ ላይ አስጻፈችና ሕንጻውን በመንገደኛው ዐይን ሌላ ሕንጻ አደረገችው። ፊደሉ የሚናገረው የዚያኑ ቤት ግብር ነውና፣ ያ ሁሉ ግዝፈት ጩኸት አልሆነበትም።

በኛ አየር ግን ሥራው እንዲበረክት ጥቂት ነገር መጠበቅ ያሻል። የግድግዳው ስቱኮ ሳይደርቅ ቀለም አይንካው፤ እርጥበቱ ቀለሙን ከውስጥ ገፍቶ ያነሣዋል። ከመሬት እስከ ጕልበት ያለውን የክረምት ጭቃ ስለሚረጨው በዚያ ፊደል አይጻፍ፤ ዞኮሎ የሚባለውን ይህን የግድግዳ ግርጌ ደመቅ ባለ ቡናማ ወይም ግራጫ አድርገን እንተወው። የልጆች እጅና ትከሻ የሚተሻሸው ከዚያ በላይ ነውና እስከ መምህሩ ደረት ድረስ የሚታጠብ የዘይት ቀለም ይቀባ። ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ቀዩ አስቀድሞ ስለሚደበዝዝ፣ ሊጠፋ የማይገባው ምልክት በጥቁር ወይም በደማቅ ሰማያዊ ይሁን። ደግሞም የየቀለሙ ቁጥር በአንድ ደብተር ተጽፎ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የተላጠውን ለማደስ የመጣው ቀለም ቀቢ አረንጓዴውን በግምት እንዳይፈልገው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ልማድ እንድትይዙ እለምናችኋለሁ። ቆርቆሮው ሳይከፈት፣ ነዳፊውና ርእሰ መምህሩ ትምህርት ቤቱን አይቶ የማያውቅ አንድ ሕጻንና አንዲት እናት ይዘው ከግቢው በር ይነሡ፤ ምንም ሳይነግሯቸው ከኋላ ይከተሏቸው፤ ቆመው ያመነቱበትን፣ የተሳሳቱበትን፣ ሰው የጠየቁበትን ስፍራ ሁሉ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። ምልክት የሚያሻው በዚያ ነው። ጽሕፈቱንም መጀመሪያ በወረቀት ላይ በእውነተኛ መጠኑ አዘጋጅተው በስፍራው ለጥፈው አንድ ሳምንት ይዩት፤ ወረቀት ለመንቀል እንደ ቀለም ለመፋቅ አያስቸግርም። ጠመኔው ያልነካው ግድግዳ ደግሞ ነጭ ይቅር፤ ከጥቁር ሰሌዳው ግራና ቀኝ ያለውማ ከሁሉ በፊት ነጭ ይቅር፤ መምህሩ የሚናገርበት ስፍራ ነውና።

እኔም ያችን በመስከረም ጧት ያየኋትን እናት ብዙ ጊዜ አስባታለሁ። ዘበኛው መልካም ሰው ነበሩ፣ ልጁም ንጹሕ ዩኒፎርም ለብሶ ነበር፣ ሕንጻውም አዲስ ነበር፤ የጎደለው አንድ የወይራ ቅጠልና ወደርሱ የሚያመለክት አንድ ቀስት ብቻ ነበር። በመጪው መስከረም በየትምህርት ቤታችን በር የምትቆመው እናት «የወይራው ሕንጻ ወዴት ነው፣ አባባ?» ብላ ሳትጨርስ ልጁ በጣቱ የሚያሳያት እንደሆነ፣ የዛሬው ድካማችን ዋጋውን አገኘ ማለት ነው።